ጥሩ ግብጦ በምን ይታወቃል?

ግብጦ ጥሬውን የማይበላ ጥራጥሬ ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ በጎጃምና በአዊ ለሌላ አዝመራ በደከመና አሲዳማ በሆነ ማሳ ላይ ሳይቀር ይበቅላል፤ ሥሩ ናይትሮጅንን ከአየር ስቦ ለአፈሩ ያቆይለታል። ከብት ስለማይደፍረውም ብዙ ጥበቃ አይሻም። ከብቱን የሚያሸሸው ምሬት ግን ሉፓኒንን የመሰሉ አልካሎይዶች ያመጡት ነው፤ እነዚህም ሰውን ይመርዛሉ። ስለዚህ ማሳው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ የሚበላ ግብጦ የሚገኘው ከአዘጋጁ ሙያ ነው።

ልፋቱ ግን ያዋጣል። የጥሬ ፍሬው ፕሮቲን ከ30 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል፤ የሽምብራ 20 በመቶ ገደማ ነው። ቅባቱ በ10 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ አሰሩ ብዙ፣ ስታርቹ ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። በዚህም የተነሣ እንደ ድንች ወይም እንደ ዳቦ የደም ስኳርን በአንድ ጊዜ አያንረውም፤ ቶሎም ያጠግባል። የሚያንሰው ሜታዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው፤ ይህን ጤፍ ይሞላለታል። በጾም ወራት የግብጦ ሽሮ በጤፍ እንጀራ መብላት እንግዲህ ከልማድነቱ ባሻገር በቂ ምክንያት አለው።

ምርጫው ከጥሬው ይጀምራል። ጥሩ ፍሬ ጠፍጣፋ፣ ሙሉና ወደ ነጭ የሚያደላ ነው፤ መጠኑም ተቀራራቢ ነው። የተጨማደደው፣ የጠቆረው ወይም ሻጋታ የነካው ይለቀማል። መጠኑ የተደበላለቀ ከሆነ ሲቆላ ትንሹ እያረረ ትልቁ ጥሬ ይቀራል፤ እኩል ሰዓት ተነክሮም ምሬቱን እኩል አይለቅም።

ቀጥሎ መቁላቱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እሳት ምሬቱን አያጠፋም። ጥሬ ፍሬ ሕይወት ስላለው ሕዋሶቹ አልካሎይዱን ይዘው ያቆዩታል፤ ሙቀት ሲገድላቸው ውሃ ገብቶ አጥቦ ማውጣት ይችላል። ተቆልቶ ብቻ የተበላ ግብጦ ስለዚህ አደገኛ ነው። በደንብ የተቆላው ሁሉም ፊቱ እኩል ሞቆ ፈዛዛ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ያረረው ከመምረሩም በላይ ላይሲን የተባለውን ጠቃሚ አሚኖ አሲድ ያጣል።

ከዚያ ውሃው ነው። የቆየው ዘዴ ግብጦውን በጆንያ አድርጎ ለበርካታ ቀናት በወራጅ ውሃ ውስጥ ማቆየት ነው፤ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ የሚወርዱበት አገር ደግሞ ወራጅ ውሃ አያጣም። ቤት ውስጥ የሚነከር ከሆነ ውሃው በየጊዜው ይቀየራል። መጀመሪያ የሚደፋው ቢጫና አረፋማ ነው፤ እየቆየ ይጠራል። ያ የመጀመሪያው ውሃ ለከብት አይሰጥም። ለደም ግፊትም ሆነ ለስኳር መድኃኒት ነው ብሎ መጠጣት ደግሞ መርዝ መጠጣት ነው።

የተነከረው ግብጦ ሲመረመር ፍሬው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ጫን ይደረጋል። ጥሩ ከሆነ ቅርፊቱ አንድ ሆኖ ይወልቃል፤ ውስጡ ደማቅ ቢጫ፣ ጠንከር ያለና ሲነከስ የሚሰበር ነው። የሚያዳልጥ፣ የላላ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ያለው ከሆነ በቆመ ውሃ ውስጥ ተበላሽቷል።

የመጨረሻው ፈተና ምላስ ነው፤ እሱም ጨው ከመጨመሩ በፊት ይደረጋል፤ ጨው ምሬትን ይሸፍናልና። ከተለያየ ቦታ ጥቂት ፍሬ ይወሰዳል፤ ታኝኮ ሳይዋጥ ትንሽ ይቆያል። ግብጦ መጀመሪያ ለስላሳ ጣዕም ይሰጣል፤ ምሬቱ የሚመጣው ዘግይቶ በምላስ ሥር ነው። እዚያ ምንም ካልተሰማ ሥራው አልቋል። ከተሰማ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ ለሽሮ ቢፈጭ፣ በበርበሬ ቢሸፈን መርዙ አብሮ ይቀራል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በምግብ ውስጥ የፈቀዱት የአልካሎይድ መጠን በኪሎ 200 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በደንብ ያልታጠበ ግብጦ የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ዕይታው ይደበዝዛል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ ይህን ያየ ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ረጅም መታጠብ ከማዕድናቱ የተወሰነውን ይዞ ይሄዳል፤ ፕሮቲኑ ግን በአብዛኛው ይቀራል። በዚህ ላይ መደራደር አይገባም፤ ጥቂት ማዕድን ያጣ ግብጦ ከመረረው ይሻላል። በባሕር ዳር አቅራቢያ ያለው የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል የማይመርሩ የግብጦ ዝርያዎችን በአካባቢው ሲሞክር ቆይቷል፤ የደጋው ገበሬ ዘር ግን ዛሬም መራራው ነው።

በሚገባ የተዘጋጀውም ቢሆን ለሁሉም አይሆንም። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ግብጦም ላይስማማው ይችላል፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 አለርጂ ከሚያስነሡ፣ በማሸጊያ ላይ መገለጽ ካለባቸው ምግቦች ተርታ ያስገባው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ግብጦ ከመቅመሱ በፊት ሐኪም ያማክር።