ግሱ የማን ነው?

በአማርኛ ዘፈን ያደገ ጆሮ ግጥም ሲሰማ ወርቅ ይፈልጋል። የፍቅር ዘፈን የሚመስለው ስለ አገር ሊሆን ይችላል፤ «እሷ» የተባለችው ምናልባት እሷ አይደለችም። በደርግ ዘመን ሳንሱርን አልፎ የወጣ ብዙ ዘፈን እንዲህ እየተፈታ ነው የተሰማው፤ ልማዱም ዛሬ ድረስ አብሮን አለ። ለአማርኛ አንባቢ የውጭ ዘፈኖችን ግጥም ማብራራት ሥራዬ ነው። ሄቪ ሜታል ላይ ስደርስ ግን ይህን የከበረ ልማድ ለጊዜው ወደ ጎን አደርገዋለሁ። በዚህ ሙዚቃ ፖለቲካው አብዛኛውን ጊዜ አልተደበቀም። ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ጩኸቱና የሰይጣኑ ሥዕል ዓይናችንን ይይዙታል።

ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንድ የተጫወተውን «ዋር ፒግስ» ልውሰድ፤ «የጦርነት አሳማዎች» ማለት ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970 በወጣው «ፓራኖይድ» አልበማቸው ላይ የመጀመሪያው ዘፈን ነው፤ ስምንት ደቂቃ ሊሞላ የሚቀሩት ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። አራቱም የባንዱ አባላት በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም፣ አስተን ሰፈር ያደጉ የሠራተኛ ልጆች ናቸው። ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ያጣው ገና በ17 ዓመቱ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ነው። ግጥሙን የጻፈው በአየርላንዳውያን ካቶሊክ ቤተሰብ ያደገው የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጊዘር በትለር ነው፤ የዘፈነው ኦዚ ኦዝቦርን።

ሥራዬን የምጀምረው ግጥሙን ያለ ሙዚቃ በማንበብ ነው። ግሶቹን ብቻ ነጥዬ አወጣና ከእያንዳንዱ አጠገብ ባለቤቱን እጽፋለሁ። ማን አደረገ? በማን ላይ ተደረገ? ለዚህ ዘፈን እንዲህ ሳደርግ አንድ ነገር ወዲያው ጎልቶ ይወጣል። በመጀመሪያው ክፍል ጄኔራሎቹ ይሰበሰባሉ፣ ይዶልታሉ፣ ጥፋትን ይገነባሉ። በመካከሉ ፖለቲከኞቹ ጦርነቱን ይጀምሩና ይደበቃሉ፤ በሰው ሕይወት እንደ መጫወቻ ይጫወታሉ። ድሆቹስ? ድሆቹ ምንም አያደርጉም። መዋጋቱ ለእነሱ ተትቶላቸዋል፤ ሜዳ ላይ የሚቃጠለው ሬሳ ነው። ግስ የኃያላን ንብረት ሆኗል።

የመጨረሻው ክፍል ሲመጣ ሰዋስዉ ይገለበጣል። የፍርድ ቀን ደርሷል፤ የሚጠራው እግዚአብሔር ነው፤ እነዚያ አዛዦች አሁን በጉልበታቸው እየተሳቡ ምሕረት ይለምናሉ። ማድረግ የእነሱ መሆኑ ቀርቶ የሚደረግባቸው ሆኑ። ከዚህ በኋላ ሰይጣን ይስቃል፣ ክንፉንም ይዘረጋል። ዘፈኑን «ሰይጣናዊ» የሚሉት ሰዎች የሚጠቅሱት ይህን መስመር ነው። እኔ እንደማነበው ግን ሰይጣን እዚህ የሚመለክ አካል አይደለም፤ የእጁን ሥራ የሠሩለትን ሰዎች ሊረከብ የመጣ ነው። ይህ ከሥር እስከ ጫፉ የክርስትና የፍርድ ትምህርት ነው፤ የራእይ መጽሐፍን የሚያውቅ ሰው ሥዕሉን አይስተውም። የዘፈኑን ፖለቲካ ለመረዳትም ይህን ማየት ግድ ነው። በ1970 በምዕራቡ ዓለም ጦርነትን የሚቃወሙ ዘፈኖች ብዙዎቹ አድማጩን «ተነሳ፣ ተሰለፍ» ይሉት ነበር። ይህ ግን ማንንም ወደ አደባባይ አይጠራም። ፍርዱን ለሰው ሳይሆን ለመጨረሻው ዳኛ አሳልፎ ይሰጣል። በምድር ላይ ፍትሕ አገኛለሁ ብሎ የማይጠብቅ ሰው ቁጣ ይህን ይመስላል፤ እኔ ከአብዮታዊ መፈክሩ ይልቅ ይህን ቁጣ አምነዋለሁ።

ጸሐፊው ራሱ ምን አለ የሚለውን ሆን ብዬ ወደ ኋላ አቆየዋለሁ። በትለር ግጥሙ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም የተጻፈ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ኦዚ በበኩሉ ባንዱ ስለ ቬትናም ብዙም እንደማያውቅ ገልጿል። ሁለት የዓይን ምስክሮች ሲለያዩ ወደ ሰነድ መሄድ ያስፈልጋል፤ ደግነቱ እዚህ ሰነድ አለን። ዘፈኑ በመጀመሪያ «ዋልፑርጊስ» ይባል ነበር። ይህ በአውሮፓውያን እምነት የኤፕሪል 30 ሌሊት፣ ጠንቋዮች የሚሰበሰቡበት ሌሊት ስም ነው። ባንዱ በ1970 ጸደይ ለቢቢሲው ጆን ፒል የሬዲዮ ዝግጅት ሲጫወተው ቃሉ ሌላ ነበር፤ ጠንቋዮቹና ጥቁሩ ሥርዓት ሙሉ ግጥሙን ሞልተውት ይሰማሉ። ያ ቅጂ ከዓመታት በኋላ፣ በ1997፣ በኦዚ የስብስብ አልበም ላይ ታትሟል።

ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከየትኛውም ቃለ መጠይቅ የበለጠ ያስተምራል። በትለር ጦርነትን በጠንቋይ ምስል ለማስጌጥ አልተነሳም። መጀመሪያ ስለ ክፋት ጻፈ፤ ከዚያ የክፋትን አድራሻ ፈልጎ ጄኔራሎቹ ዘንድ አገኘው። እውነተኛው ሰይጣናዊነት ጦርነት ነው የሚለው አባባሉ እዚህ ላይ ሥጋ ይለብሳል። ጠንቋዮቹ በመጨረሻው ቅጂ መግቢያ ላይ መቆየታቸውም ጄኔራሎቹን የምናይበት ዓይን ሆነው ነው።

ከዚህ በኋላ ነው የቀን መቁጠሪያውን የምከፍተው። አልበሙ የተቀረጸው በጁን 1970 ለንደን ውስጥ ነው። በኤፕሪል መጨረሻ አሜሪካ ጦሯን ካምቦዲያ አስገብታለች፤ ሜይ 4 በኦሃዮ፣ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ተኩሰው አራት ተማሪዎች ገድለዋል። በቀናት መቀራረብ ብቻ ግን ምክንያትና ውጤት ማያያዝ የሙያችን ትልቁ ፈተና ነው። ግጥሙ ውስጥ ቬትናም የለችም፤ አገርም ፕሬዚዳንትም አልተጠቀሱም። ብሪታንያ ጦሯን ወደ ቬትናም አልላከችም፤ የግዴታ ውትድርናም እነ በትለር ሳይደርሱበት ቀርቶ ነበር። ስለ ድሆቹ የተባለው ግን ለአሜሪካ ቃል በቃል እውነት ነበር፤ ኮሌጅ የገባ ወጣት ምልመላው ሲራዘምለት፣ ኮሌጅ ያልገባው ይጠራ ነበር። የበርሚንግሃም ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማቸው በጀርመን ቦምብ ተደብድባ ከ2,000 በላይ ሰው ሞቶባታል፤ ወላጆቻቸው የዚያ ዘመን ሰዎች ናቸው። ዘፈኑ መጀመሪያ ላይ የሚያስተጋባው የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ሳይረን በቬትናሟ ሳይጎን ሳይሆን በአስተን ነው የሚጮኸው ብዬ እሰማዋለሁ።

ስለ ሙዚቃው ብዙ አልልም፤ ግን አንዱን ነገር መተው አይቻልም። ከከባዱና ከዝግተኛው መግቢያ በኋላ ጊታሩ ሁለት ጊዜ መትቶ ዝም ይላል፤ ኦዚ የሚዘፍነው በዚያ ባዶ ቦታ ነው፤ ከሥሩ ከበሮ መቺው ቢል ዋርድ ሲምባሉን ብቻ ይዞ ይቆጥራል። እንዲህ ኃይለኛ የሆነ ባንድ ክሱ በሚነበብበት ሰዓት መሣሪያውን አውርዶ ዝም ማለቱ ራሱ አስተያየት ነው። ቃሉ እንዲሰማ ፈልገዋል። ዘፈኑ አዝማችም የለውም፤ ክሱ ሳይመላለስ እስከ ፍርዱ ይሄዳል።

ደካማ ትርጓሜ ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ማየት ለሚፈልግ የ1985ቱ የአሜሪካ ሴኔት ችሎት አለ። ቲፐር ጎርን ጨምሮ የዋሽንግተን ባለሥልጣናት ሚስቶች ያቋቋሙት ቡድን የዘፈን ግጥሞች ልጆችን እያበላሹ ነው ብሎ ተነሳ። ቲፐር ጎር «አንደር ዘ ብሌድ» የተባለውን የትዊስትድ ሲስተር ዘፈን የወሲብ ጭካኔ አድርጋ አንብባው ነበር። ድምፃዊው ዲ ስናይደር ሴኔቱ ፊት ቀርቦ ዘፈኑ የባንዱ ጊታር ተጫዋች የጉሮሮ ቀዶ ጥገና ሲጠብቅ ስላደረበት ፍርሃት እንደተጻፈ አስረዳ። የታሰረው ሰው፣ ስለቱ፣ ፍርሃቱ፣ ሁሉም በግጥሙ አለ። ቲፐር ጎር ያልጠየቀችው ስለቱን ማን እንደያዘው ነው።

የዚሁ ባንድ «ዊ አር ናት ጎና ቴክ ኢት» ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። እዚያ «እኛ» አለ፣ «እናንተ» አለ፤ ሁለቱም ግን ማን እንደሆኑ አልተነገረም። ስለዚህ ማንም ገብቶ ይቀመጥበታል። ዶናልድ ትራምፕ ለምርጫ ዘመቻው ተጠቀመበት፤ ስናይደር መጀመሪያ ፈቅዶ በኋላ እንዲያቆም ጠየቀው። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ስትወርር ስናይደር ዩክሬናውያን ቢዘፍኑት ደስ እንደሚለው ተናገረ። «ዋር ፒግስ» በሌሎች ጦርነቶች ዘመንም ይሠራል፤ ግን ማንም እንደፈለገ አይቀመጥበትም፤ ወንበሮቹ ስም አላቸው። ጄኔራሉ ይህን ዘፈን በራሱ ስብሰባ ላይ ሊያስከፍተው አይችልም።

ያም ሆኖ ከግሶቹ ዝርዝር ላይ አንድ ባዶ ቦታ አልሞላም ይላል። ይህ ለድሃው የሚቆጣ ዘፈን ድሃውን አያናግረውም። «እኔ» የሚል አንድም ሰው ውስጡ የለም። ያን ቦታ ከሌሎች መካከል የሞላው ሜታሊካ የተባለው ባንድ «ዋን» የተሰኘ ዘፈን ነው። በ1988 «...ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» ከተባለው አልበም ጋር ወጣ፤ መነሻው ዳልተን ትራምቦ በ1939 ያሳተመው «ጆኒ ጎት ሂዝ ገን» የተባለ ልብ ወለድ ነው።  በልብ ወለዱ ውስጥ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር እጆቹን፣ እግሮቹን፣ ዓይኑን፣ ጆሮውንና አንደበቱን አጥቶ በሕይወት ይቀራል። የባንዱ ዘፈን በዚያ ሰው አፍ ነው የሚናገረው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እኔ» ነው።

ወርቅ ፈላጊው ጆሮ ለፖለቲካ የሚሆን ነገር እዚህ አያገኝም። ጄኔራል የለም፣ ፖለቲከኛ የለም፣ ፍርድ የለም፤ እግዚአብሔርም የሚጠራው እንዲፈርድ ሳይሆን እንዲገላግል ነው። የግሶቹን ዝርዝር ሳወጣ ግን ድሃው ባለቤት ሆኖ ይመጣል፤ ማስታወስ ያቅተዋል፣ ይመኛል፣ ሞትን ይለምናል። በትለር የከሰሳቸው ሰዎች የሠሩት ሥራ ሬሳ ሳይሆን የሚያስብ ሰው ሆኖ ሲቀር ይህን ይመስላል። ሁለቱን ዘፈኖች አንድ ላይ የሚያነብ ሰው ክሱንና የተበዳዩን ቃል በአንድ መዝገብ አገኛቸው ማለት ነው፤ እኔ ለአንባቢ ሳቀርባቸው አንዱን ከሌላው ለይቼ አላቀርብም።