ስለ ኬንታኪ መንገድ የተጻፈ መጽሐፍ

ጆን ፊልሰን የተባለ የትምህርት ቤት መምህር፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1784 ዓመት፥ በአሜሪካ በዊልሚንግተን ከተማ የኬንታኪን አገር የሚያስታውቅ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡም ዳንኤል ቡን የተባለው አዳኝ የደረሰበትን ኹሉ በገዛ አፉ እንደሚተርክ ኾኖ ተጽፏል። በማግሥቱ ዓመት በፈረንሳይ ቋንቋ ተተርጕሞ በፓሪስ ስለ ታተመ፥ የቡን ስም ባሕር ተሻግሮ ታወቀ።

ቡን ዝናውን ያገኘው በመንገድ ነው፤ ይኸውም በ1775 በማርች ወር፥ መሬት ገዝቶ ለሚሸጠው ለሪቻርድ ሄንደርሰን ተቀጥሮ፥ ምሳር የያዙ ሠላሳ የሚያኽሉ ሰዎች አስከትሎ፥ በኩምበርላንድ ተራራ በር በኩል እስከ ኬንታኪ ወንዝ ያወጣው ነው። በዚያም መንገድ እስከ 1810 ድረስ ከ200,000 የማያንስ ሕዝብ እንዳለፈ ይገመታል።

የፊልሰን ብዕር ያማረ ነው፤ ሩቁን አገር አቅርቦ ያሳያል። ነገር ግን የሚሰማው ድምፅ የቡን አይደለም። ቡን ፊደል የሚስት፥ ነገሩን በአጭሩ የሚናገር ሰው ሲኾን፥ በመጽሐፉ እንደ ፈላስፋ ይራቀቃል። ጕድለቱም በቋንቋ ብቻ የሚቀር አይደለም። በማርች 25 ቀን ሊነጋ ሲል የአገሩ ተወላጆች በመንገድ ጠራጊዎቹ ላይ ተኰሱ፤ ቡንም ትዊቲ የሚባለው ሰውና ባሪያው እንደ ሞቱ ለሄንደርሰን በደብዳቤ ጻፈለት። መጽሐፉ ግን ኹለት ሰዎች ሞቱ ብሎ ያልፋል። ሳም የተባለው ያ ባሪያ በደብዳቤው ስሙ ቀረ፤ በመጽሐፉ ደግሞ ባሪያ መኾኑ እንኳ ተሰወረ።

ፊልሰን አገሩን የአራዊትና የአረመኔዎች ማደሪያ ብቻ የነበረ ዱር አድርጎ መጻፉንም መንገዱ ራሱ ይከራከረዋል። ቡን ከተከተለው ስፍራ ብዙው፥ አስቀድሞ ጎሾች የረገጡት፥ የቸሮኪና የሻውኒ ጦረኞችም የተመላለሱበት ጥርጊያ ነበረ።

ደራሲው በኬንታኪ የራሱ መሬት ነበረውና፥ መጽሐፉ ሰፋሪን የሚጠራ ነው። ስለዚህ ታሪኩ ሲፈጸም ቡን በሰላም ተቀምጦ ይታያል፤ እውነተኛው ቡን ግን የመሬቱን ይዞታ በሕግ ማጽናት ተስኖት፥ በ1799 ኬንታኪን ትቶ ወደ ሚዙሪ ሄደ።

በመጽሐፉ መጨረሻ ፊልሰን የመንገዱን ስፍራዎች ከነርቀታቸው ዘርዝሯል። በዚያ ጀግና የለም፤ ተራራ፥ ወንዝና ማደሪያ ብቻ ተራ በተራ ተጽፏል። ለመንገደኛ ጥቅም የተጻፈው ይህ ዝርዝር ከተዋበው ትረካ ይልቅ ታማኝ ነው። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው የቡንን ደብዳቤ አጠገቡ አድርጎ ቢያነበው ይበጀዋል።