ሦስት ወርቅ ከ10 ሜትር ከፍታ

የመድረክ ዳይቪንግ፣ ማለትም ከመድረክ ዘሎ በአየር ላይ እየተገለበጡ ወደ ውኃ የመግባት ስፖርት፣ በአዲስ አበባው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጠባብ መንገዶች ግራና ቀኝ ተያይዘው ከኖሩት አሮጌ ቤቶች ጣሪያ በእጅጉ ከሚልቅ የ10 ሜትር ከፍታ ላይ ይካሄዳል፤ ሆኖም ዳኞችን ይበልጥ የሚያስጨንቃቸው ከፍታው ሳይሆን አገባቡ ነው። ዘላዩ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተወረወረ ውኃው ላይ ስለሚደርስ፣ አንዱን እጁን በሌላው ጨብጦ፣ መዳፉን ወደ ውኃው ገልብጦና ክርኖቹን አጥብቆ ለሰውነቱ መንገድ ካልከፈተ ውኃው ይረጫል፣ ነጥቡም ይቀነሳል።

ጣሊያናዊው ክላውስ ዲቢያሲ ይህን ጥበብ አሠልጣኙ ከሆነው ከአባቱ ከካርሎ ተምሮ፣ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ዳግም ባሸነፈበት በቶኪዮ (እ.ኤ.አ. 1964) የብር ሜዳልያ ካገኘ በኋላ፣ ማሞ ወልዴ ድል ባደረገበት በሜክሲኮ (1968)፣ ቀጥሎም በሙኒክ (1972) ወርቅ ወሰደ። በ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ራሷን በማግለሏ ምሩጽ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀረ (ይህም ለስፖርት ወዳዱ ዛሬም ድረስ የሚያንገበግብ ነው)፤ ዲቢያሲ ግን በኋላ የዘርፉ ንጉሥ የሆነውን የ16 ዓመቱን ግሬግ ሉጋኒስን አስከትሎ ሦስተኛ ወርቁን አጠለቀ። በዕድሜ መግፋት ሰውነት በሚከብድበትና እያንዳንዱ አገባብ አንጓንና ትከሻን በሚጎዳበት ስፖርት 12 ዓመት በከፍተኛው ደረጃ መቆየት ከሜዳልያዎቹ በላይ ሊደነቅ ይገባዋል። በነጠላ የመድረክ ዝላይ ሦስት ተከታታይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ሌላ ሰው እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ድረስ አልተገኘም።