«ድፍረት»፦ ጠበቃዋ፣ ልጅቷና ያልታዩት ዓመታት

ዱሮ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው፣ ሌባም ይሁን ባለዕዳ፣ ባለበት ይቆም ነበር ይባላል። ያስቆመው የነበረው ዘበኛ ሳይሆን ቃሉ ነው። የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» የተሰኘ ፊልምም ስለዚህ ቃል ኃይል ይተርካል። ቃሉን ደፍሮ የሚናገር ሰው እንዴት እንደሚፈጠር ግን ሳያሳየን ያልቃል።

ፊልሙን በቅርቡ በድጋሚ ያየሁት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ከአንድ ወዳጄ ቤት ነው። ዕድሜያቸውን ካዛንቺስ የኖሩት እናቱ፣ ሰፈራቸው በ2017 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ናቸውና ቡና እያፈሉ አብረውን ተመለከቱ። ሲያልቅ «ጠበቃዋስ ጎበዝ ናት፤ ለመሆኑ ልጅቷ ኋላ ምን ሆነች?» አሉ። ለዚህ ሂስ መነሻ የሆነኝ ጥያቄያቸው ነው።

ታሪኩ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከተፈጸመ እውነተኛ ጉዳይ የተቀዳ ነው። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፣ ትደፈራለች፤ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድላለች። ከአዲስ አበባ የመጣች መዓዛ የተባለች ጠበቃ ራስን መከላከል ነው ብላ ትሟገትላታለች። ትዝታ ሀገሬ ሂሩትን፣ ሜሮን ጌትነት መዓዛን ሆነው ተጫውተዋል። ፊልሙ በጥር 2006 ዓ.ም. በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ማግኘቱ አያስደንቅም። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ትዕይንት ብቻውን ይበቃዋል፤ ዳይሬክተሩ የገጠሩን ሰው አውሬ አድርጎ አልሳለውም፤ የራሱን ሕግ የያዘ ባለክርክር አድርጎታል።

ጉድለቱ ያለው ከተማ ላይ ነው። የፊልሟ መዓዛ ስትመጣ ተዘጋጅታ ያለቀች ናት። አትሳሳትም፣ ከማንም አትማርም። እውነተኛዋ ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ግን በአንድ ችሎት የተገኙ ጀግና አልነበሩም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ፤ ቀጥሎም ለሕገ መንግሥት ኮሚሽኑ የሕግ አማካሪ ነበሩ፤ በ1987 ዓ.ም. ከባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ከዳኝነት ወንበር ወርዶ ከተበዳይ ጎን መቆም እንዴት ያለ ውሳኔ ነው? ፊልሙ ይህን አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ደግሞ ለካሜራ የማይመች ነው። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። ያ ቀዳዳ የተደፈነው በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ነው። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜም ከ15 ወደ 18 ያደገው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። ከእነዚህ ለውጦች ጀርባ ማኅበሩና ሌሎች ዓመታት የወሰደ ክርክር፣ ስብሰባና ጽሕፈት አለ። ፊልሙ ልብ ለማንጠልጠል መዓዛን የፍትሕ ሚኒስትሩን እስከ መክሰስ ያደርሳታል። እውነተኛው ማኅበር ግን የታገደው በሌላ ጉዳይ፣ ከዓመታት በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም. መጨረሻ ነበር። እገዳው ተነሥቶለት ሥራውን ቀጠለ፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከውጭ የሚያገኘውን ገንዘብ ከመቶ አሥር እንዳያልፍ ሲገድብበትም እንደገና ክፉኛ ተጎዳ፤ ግን አልጠፋም። መሪነት ማለት፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ መሪው ሲሄድ የሚቆም ቤት መሥራት ነው። ወ/ሮ መዓዛ ከማኅበሩ ወጥተው ካዛንቺስ ጥግ ባለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሠሩ፤ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትን መሩ። ማኅበሩ ግን ያለ እሳቸውም ኖሯል።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ እንግዳው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቋረጠ። ከሳሿ እውነተኛዋ ባለታሪክ ነበረች፤ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተሠርቷል ባይ ነበረች። በክርክሩ ማን ልክ እንደነበር እዚህ አልፈርድም። ነገር ግን ፊልሙ የጠበቃዋን ስም እንዳለ ይዞ የልጅቷን ለውጧል። ጥንቃቄ ነው ሊባል ይችላል፤ ሆኖም ታሪኩ የማን ሆኖ እንደቀረ ያመለክታል። በቋንቋችን «ድፍረት» ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። ፊልሙ ጀግንነቱን በአብዛኛው ለጠበቃዋ፣ መደፈሩን ለልጅቷ አከፋፍሎታል።

ይህን ለወዳጄ እናት ነገርኳቸው። «ልጅቷ አድጋ ፊልሙን ከሰሰች» ስላቸው ሳቁ። «እንግዲያ ጠበቃዋ ሥራዋን ሠርታለች ማለት ነዋ» አሉኝ።

እውነት ነው። በሕግ የዳነች ልጅ መብቴ ተነካ ስትል ወደ ሕግ ሄደች። «ድፍረት» መታየት ያለበት ፊልም ነው። የሚቀጥለው ፊልም ሠሪ ግን ካሜራውን በችሎቱ መጨረሻ ላይ ባያጠፋው ደስ ይለኛል።