«ተዛማጅ» እና «አግባብ ያለው»፤ ስለ ዐውዳዊ ማስታወቂያ አሰያየም

በድረ ገጽ ላይ ከሚነበበው ጽሑፍ ጋር እየተመሳከረ የሚቀርበውን የንግድ ማስታወቂያ ተርጓሚዎች «ዐውዳዊ ማስታወቂያ» ይሉታል፤ ሊኖረው የሚገባውንም ባሕርይ «አግባብነት» ሲሉ ይሰይሙታል። በመጀመሪያው ስያሜ ብዙ ክርክር የለንም። «ዐውድ» ዙሪያን የሚያመለክት የግእዝ ቃል ስለሆነ፣ አንድን ቃል ለከበበው ጽሑፍ መጠሪያ መሆኑ ተገቢ ነው። (ይሁንና «ማስታወቂያ» ብቻውን ሲቆም የመሥሪያ ቤትን መግለጫም የነጋዴን ጥሪም ስለሚያጠቃልል፣ «የንግድ» የሚለው ቃል ባይቀር እንመርጣለን።) የምንነቅፈው ሁለተኛውን ነው።

ጉግል አድሴንስ የተባለውን አገልግሎት ባወጣበት በ2003 (እ.ኤ.አ.) አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ በድረ ገጹ የግድያ ዜና አወጣ፤ የሟቹ አካል ተቆራርጦ በሻንጣ ውስጥ ተገኝቶ ነበር። ከዜናው አጠገብ የታየው የሻንጣ ሽያጭ ማስታወቂያ ነው። መሣሪያው ተሳስቷል ለማለት ያስቸግራል፤ «ሻንጣ» የሚል ቃል አገኘ፣ ሻንጣ ሻጭ አቀረበ። ማስታወቂያው ተዛማጅ ነበር፤ አግባብ ግን አልነበረውም። አማርኛ ለሁለቱ ነገሮች ሁለት ቃላት እያሉት ተርጓሚው አንድ ሲያደርጋቸው፣ መሣሪያው የማይሰጠውን ነገር በስሙ ቃል ይገባለታል። ስለዚህ በቃላት ስሌት ለሚገኘው «ተዛማጅነት»ን፣ በአዘጋጁ ሚዛን ለሚታየው «አግባብነት»ን መለየት ይሻላል እንላለን።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ተዛማጅነቱን ማግኘትም ቢሆን ቃል በመቁጠር ብቻ አይሆንም። «ፍርድ ቤት» በሁለት ቃል ይጻፋል። ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር የሚቆርጥ መሣሪያ፣ ስለ ይግባኝ የተጻፈውን ዜና አንብቦ የሚሸጥ ቪላ ቢያቀርብ አይደንቅም። መጥበቅና መላላት በፊደላችን ስለማይለይም «ዋና ጸሐፊ» የተሾመበት ዜና የመዋኛ ልብስ ሊጠራ ይችላል፤ «ገና»ም እንዲሁ በዓሉ ይሁን «እስካሁን» የሚለው በጽሕፈት አይታወቅም። «ከመኪኖቻችን» እና «መኪና» አንድ መሆናቸውን ለማወቅ ደግሞ ቅጥያውን መግፈፍ ግድ ነው።

ሞክሼ ፊደላትን ማዋሐድ መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ። ለ«ፀሐይ» እና ለ«ጸሀይ» እውነት ነው፤ ያለዚያ አንዱ ቃል እንደ ብዙ ይቆጠራል። ነገር ግን የወጣችውን ፀሐይ «ሠረቀች» ብሎ በጥንቃቄ የጻፈ ደራሲ ከሌባው «ሰረቀ» ጋር ይደባለቅበታል። ፊደሉ ቢዋሐድም ፍቺውን አጠገቡ ያሉት ቃላት ሊለዩት ይገባል፤ ዐውድ ማለትም ይኸው ነው።

ነገሩ የስያሜ ጨዋታ አይደለም። ብዙ የድረ ገጽ ባለቤቶች ገንዘብ ያገኙ የነበረው አንባቢ ማስታወቂያውን ሲጫን ነበር፤ ማስታወቂያው የሚያስቅ ሲሆን አንባቢ አይጫነውም፣ አማርኛ ለሚጽፈውም የሚከፈለው ይቀንስ ነበር። ባለቤቱ ርእሱን ግልጽ ቢያደርግ፣ በየገጹ የሚደጋገሙትን የማውጫ ቃላት ከቆጠራው ቢያስወጣ ተዛማጅነቱ ይሻሻላል። የሞትና የአደጋ ዜና በሚወጣበት ገጽ ላይ ግን ማስታወቂያውን የሚከለክል ሰው መኖር አለበት፤ ይህ የአግባብነት ጉዳይ ነው።

ከመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሚጠበቀው የጥምር ቃላት ዝርዝር ነው። «ቡና ቤት» በ«ቡና» ሥር ብቻ ከተመዘገበ መሣሪያው የሚያቀርበው የተቆላ ቡና ነው፤ ወደዚያ የሚሄደው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ቢራ ነው።