የሚሽር ሰው ሠራሽ ቆዳ በሳነቴ ብርድ ሲመዘን

የተተረተረ ኮርቻ በራሱ አይሽርም። ፈረስ ዛሬም የጉዞ አጋር በሆነበት በባሌ ደጋ ይህን የማያውቅ የለም፤ ወስፌና ክር ይፈለጋል። የሚሽረው ሕይወት ያለው ቆዳ ብቻ ነው። በኅዳር 2005 ዓ.ም. (2012 እ.ኤ.አ.) በ«ኔቸር ናኖቴክኖሎጂ» መጽሔት የወጣው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግዑዙንም እንዲሽርና ንክኪ እንዲያውቅ ለማድረግ የተነሣ ሥራ ነው። አዘጋጆቹ ቤንጃሚን ቲ፣ ቻኦ ዋንግ፣ ራኑልፎ አለንና ዤናን ባኦ ናቸው።

መሠረቱ ለስላሳ ፖሊመር ነው። ሞለኪውሎቹን የሚያያይዘው የሃይድሮጅን ትስስር ሲቆረጥ በቀላሉ ይላቀቃል፣ ጫፍና ጫፉ ሲገጠም ደግሞ መልሶ ይያያዛል። ሉድቪክ ሌብለርና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ በዚሁ መንገድ የሚሽር ጎማ ሠርተው በ2008 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ያ ጎማ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የስታንፎርዶቹ እሾሃማ ገጽ ያላቸውን የኒኬል ደቃቆች በፖሊመሩ ውስጥ በትነው ጎደሎውን ሞሉ። ቆዳው ሲጫን ወይም ሲታጠፍ የደቃቆቹ ርቀት ይለዋወጣል፣ የሚያልፈው ኤሌክትሪክም አብሮ ይለወጣል። ቆዳውን ሴንሰር የሚያደርገው ይህ ነው።

የሥራው ትልቁ ብርታት ሁለቱን ፈውሶች በአንድነት ማምጣቱ ነው። ተቆርጦ ሲገጠም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ በ15 ሰከንድ ውስጥ 90 በመቶ ያህል ይመለሳል፤ ጥንካሬው ደግሞ በ10 ደቂቃ ገደማ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። ለዚህ ሁሉ ማሞቂያ አላስፈለገም። የቀረው 10 በመቶ እንደ ጠባሳ ይቆጠር። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሮቤና ጎባ በሚደርስበት አገር፣ በሰው ሠራሽ እጅ ላይ የተለጠፈ ሴንሰር ሲቀደድ እዚያው መሻሩ ለባለቤቱ የሥራ ቀናት ማትረፊያ ነው።

ሆኖም ይህ ፈውስ የተለካው በቤተ ሙከራ ክፍል ሙቀት ነው። የባሌው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ትስስሩ እንዲመለስ የፖሊመሩ ሰንሰለቶች መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ብርድ ደግሞ እንደ ረጋ ቅቤ ያደርቃቸዋል። በፈረስ ተራራውን የሚጠብቅ ሰው በሌሊት ጓንቱ ላይ ያለው ሴንሰር ቢቀደድ፣ 15 ሰከንድ የሚለው ቁጥር ዋስትና አይሆነውም። ሌላውን ፈተና፣ ውሃን፣ በተመለከተ ቲ ራሱ መልስ ይዞ መጥቷል፦ በሲንጋፖር ከባልደረቦቹ ጋር ከጄሊፊሽ ተምሮ ውሃ ውስጥም የሚሽር ቁስ በ2019 እ.ኤ.አ. አቅርቧል። የብርዱ ጥያቄ ግን የራሱን ፈተና ይፈልጋል።

ሌሎች ሁለት ጎደሎዎችም አሉ። የሚሽረው ቆዳው ነው፤ ከእርሱ ጋር የሚያያዙት ሽቦና ባትሪ በተለመደው መንገድ ሲሠሩ አይሽሩም። ኒኬል ደግሞ የብዙ ሰዎችን ቆዳ የሚያሳክክና የሚያስቆጣ ማዕድን ስለሆነ፣ ለሮቦት የሚስማማው ሁሉ በሰው ገላ ላይ ይለጠፍ ማለት አይቻልም።

ፍርዴ ይህ ነው፦ ጥናቱ መንገድ ከፋች ነው፣ ለደጋ ግን ገና አልተመዘነም። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ ግቢ፣ ጎባ ላይ ሆስፒታል አለው፤ ውርጩም ደጃፉ ላይ ነው። ተማሪዎቹና መምህራኑ እንዲህ ያለውን ቁስ ሳነቴ ላይ አሳድረው፣ ጠዋት ቆርጠው፣ ሰዓት ይዘው ይለኩት። ውጤቱ ቢሳካም ባይሳካም ዓለም የሚጠቀምበት ዕውቀት ይሆናል።