የታብሌት ብዕርና የፊደል አጣጣል፤ ስለ «አፕል ፔንስል ፕሮ» የቀረበ ሒሳዊ ግምገማ

በመማሪያ ክፍሎቻችን ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ በሚመጣው ተማሪ አጠገብ፣ ታብሌትና የታብሌት ብዕር ይዞ የሚቀመጥ ተማሪ መታየት ከጀመረ ሰንብቷል። ስለ ዕቃው ከሻጮቹ የሚሰማው ምስጋና ብዙ ነው፤ በተማሪዎች መካከል የሚሰማው አስተያየት ግን «ግሩም ነው» ወይም «ገንዘብ ማባከን ነው» ከማለት አያልፍም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብዕሩን በሁለት ሥራዎች፣ ይኸውም በሥዕልና በማስታወሻ አያያዝ፣ ለይቶ መመርመርና በኢትዮጵያ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅም ማመዛዘን ነው። ለምርመራው የተመረጠው አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2024 ያወጣውና በወጣበት ጊዜ በአሜሪካ 129 ዶላር የተሸጠው «አፕል ፔንስል ፕሮ» ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ብዕርን ከኮምፒዩተር ጋር የማገናኘቱ ሐሳብ የትናንት አይደለም። ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም «ስኬችፓድ» የተሰኘውን ፕሮግራም ሲያቀርብ፣ ሰው በብርሃን ብዕር በስክሪን ላይ መስመር ይሥልበት ነበር። በ1964 ደግሞ «ራንድ ታብሌት» በመባል የታወቀው ገበታ የእጅን እንቅስቃሴ ወደ ኮምፒዩተር ለማስተላለፍ በቅቷል። ከዚያም በ1983 በጃፓን የተቋቋመው ዋኮም ባትሪ የማያስፈልገውን ብዕር ለሠዓሊዎች አቀረበ። የአፕል መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ ግን በ2007 አይፎንን ለሕዝብ ሲያስተዋውቅ እንዲህ ያለውን ዘንግ አቃልሎ፣ ጣት ከሁሉ የተሻለ መሣሪያ መሆኑን ተናግሮ ነበር። ያው ኩባንያ በ2015 የመጀመሪያውን አፕል ፔንስል በ99 ዶላር፣ በ2018 ሁለተኛውን በ129 ዶላር፣ በ2023 ደግሞ ርካሹን በ79 ዶላር ለገበያ አውጥቷል። አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ ቃል ማጠፍ ይቈጥሩታል። ነገር ግን ጆብስ የተናገረው ስልክን ስለ ማዘዝ ነው፤ ማዘዝና መጻፍ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንድ ቁልፍ ለመንካት ጣት ይበቃል፤ ለ«ጭ» እግሮች ግን ጣት ወፍራም ነው።

የብዕሩ አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። ርዝመቱ 166 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 8.9 ሚሊሜትር፣ ክብደቱም ከ19 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ነጭ ዘንግ ነው። በታብሌቱ ጠርዝ ላይ በማግኔት ይለጠፋል፤ እዚያው ተለጥፎ ሳለም ባትሪው ይሞላል። ጫፉ የሚያመነጨውን ምልክት የታብሌቱ ገጽ እየተቀበለ ብዕሩ ያለበትን ቦታ ያውቃል። ከቦታው ሌላ ሦስት ነገሮች ይለካሉ፤ አንደኛ የእጅ ግፊት፣ ሁለተኛ የብዕሩ ማዘንበል፣ ሦስተኛ ብዕሩ በጣቶች መካከል መዞሩ። ሦስተኛው በ2024 የተጨመረ ሲሆን የሚለካውም በዘንጉ ውስጥ በተቀመጠ ጋይሮስኮፕ ነው። ከዚህም በላይ ዘንጉን በጣት ጨመቅ ቢያደርጉት የመሣሪያዎች ዝርዝር ይከፈታል።

ሠዓሊ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው መስመሩ እጁን ይከተል እንደ ሆነ ነው። ኩባንያው በ2019 እንዳስታወቀው በብዕሩ ጫፍና በሚታየው መስመር መካከል ያለው መዘግየት ከ20 ወደ 9 ሚሊሴኮንድ ወርዷል። ቍጥሩ ብቻውን ብዙ ስለማይናገር ወደ ርዝመት እንለውጠው። እጅ በአንድ ሴኮንድ 20 ሴንቲሜትር የሚጓዝ ቢሆን፣ በ20 ሚሊሴኮንድ መስመሩ ከጫፉ 4 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይቀራል፤ በ9 ሚሊሴኮንድ ግን የሚቀረው 2 ሚሊሜትር አይሞላም። የፊተኛው ዐይን በግልጽ የሚያየው ክፍተት ነው፤ የኋለኛው በብዕሩ ጫፍና በእጅ ጥላ ውስጥ ይጠፋል። እንግዲህ በዚህ ረገድ የሚነገረው ምስጋና ከንቱ ውዳሴ አይደለም።

ግፊቱና ማዘንበሉም ለሠዓሊ እውነተኛ ጥቅም አላቸው። ብዕሩን ጫን ሲሉት መስመሩ ይደምቃል ወይም ይወፍራል፤ አጋድመው ሲይዙት እንደ ከሰል ሰፊ ጥላ ያለብሳል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ በ2020 በኖርማንዲ የፀደይን አመጣጥ በአይፓድ ሥሎ፣ ሥራዎቹ በ2021 በለንደኑ ሮያል አካዳሚ ለትርኢት መቅረባቸው፣ የመስታወት ገበታ ከቁም ነገር ሥዕል የማይከለክል መሆኑን ያሳያል። ሆኖም ከዚህ ብዙ መደምደሚያ ማውጣት አይገባም። ሆክኒ ታብሌት ከመያዙ በፊት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በወረቀትና በሸራ ላይ የሠራ ሰው ነው፤ ብዕሩ የእጁን ችሎታ ተቀበለ እንጂ ችሎታ አልሰጠውም።

ወደ ጽሕፈት ስንመጣ መመዘኛው ይለወጣል። የብራና ጸሐፊ ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል፤ ጫፉንም ሰንጥቆ ጠፍጣፋ አድርጎ ይቈርጠዋል። በዚህ ብዕር በሚጻፈው ቁም ጽሕፈት ቋሚው መስመር ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ሆኖ የሚታየው ጸሐፊው አንዱን አጥብቆ ሌላውን አላልቶ ስለሚጫን አይደለም፤ ጠፍጣፋው ጫፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ በሙሉ ስፋቱ፣ ወደ ሌላው ሲሄድ በጠርዙ ስለሚያልፍ ነው። ስለዚህ የፊደላችን ውበት የተመሠረተው በግፊት ላይ ሳይሆን በአቅጣጫ ላይ ነው። እስክሪብቶ ይህን አስቀረው። በጫፉ ያለችው ትንሽ ኳስ ወደ የትም ብትንከባለል የምትተወው መስመር አንድ ዐይነት ነውና፣ ዛሬ በእስክሪብቶ የምንጽፈው ፊደል በብራና ላይ ካለው ጋር ሲተያይ ሥጋው ሄዶ አጥንቱ የቀረ ይመስላል።

ይህን በተግባር ለማየት የፊደልን ገበታ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» በታብሌቱ ላይ ሁለት ጊዜ ጻፍሁ። መጀመሪያ በክብ ጫፍ፣ ግፊቱን ብቻ እየለዋወጥሁ ነበር። መስመሩ መካከሉ ላይ እያበጠ ጫፎቹ ላይ እየሰለለ ስለሚሄድ፣ ፊደላቱ ለዐይን ባያስቀይሙም ከቁም ጽሕፈት ጋር ዝምድና አልነበራቸውም። ሁለተኛውን በጠፍጣፋ ጫፍ ጻፍሁ። የ«መ» ዙሪያ፣ የ«ሰ» እግሮች፣ የ«ተ» አግዳሚ ወዲያው ወፍራምና ቀጭናቸው ተለየ፤ ብዕሩን በጣቶቼ መካከል ጥቂት ሳዞረውም የጫፉ አቅጣጫ አብሮ ዞረ። በዚህ ምክንያት ሻጮቹ አብዝተው የሚያወሩለት ግፊት ለፊደላችን ያለው ጥቅም ጥቂት ሲሆን፣ እንደ ትርፍ ጌጥ የሚታየው የዘንጉ መዞር ግን ለእኛ ከሁሉ የበለጠ ሆኖ ይገኛል ለማለት እደፍራለሁ።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም እውነት አለበት። ጠፍጣፋ ጫፍ የሚገኘው ከፕሮግራሙ ነው፤ አቅጣጫውን በአንድ ማዕዘን አጽንቶ መጻፍ በርካሽ ብዕርም ይቻላል። ቁም ጽሕፈት ደግሞ በአብዛኛው በጸና ማዕዘን ይሄዳል። ስለዚህ የመዞሩ ጥቅም የሚታየው የፊደሉን ጫፍና ቅርንጫፍ እያሳመረ በዝግታ ለሚጽፍ ሰው፣ ርእስና ሐረግ ለሚሥልም ሰው ነው። በዚህም ላይ ፕሮግራሞች ሁሉ መዞሩን አይቀበሉም። ንግግር እየተከተለ ለሚጽፍ ተማሪ ይህ ጥቅም አይደርሰውም።

ይህ ወደ ማስታወሻ አያያዝ ይወስደናል። በእጅ መጻፍ ከቁልፍ መምታት ይሻላል የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ሙለርና ኦፐንሃይመር የተባሉት ተመራማሪዎች በ2014 ያወጡትን ጥናት ነው። በዚያ ጥናት በላፕቶፕ የሚጽፉት ተማሪዎች የመምህሩን ቃል እንዳለ ወደ መገልበጥ ያዘነበሉ ሲሆን፣ ማስተዋል በሚጠይቁት ጥያቄዎች በእጅ ከጻፉት ያነሰ ውጤት አግኝተዋል። ነገር ግን በ2019 ሙከራውን የደገሙ ሌሎች ተመራማሪዎች ልዩነቱን እንደዚያ ግልጽ ሆኖ አላገኙትም። ከዚህም ሌላ በ2014ቱ ጥናት የተወዳደሩት ላፕቶፕና ወረቀት ናቸው እንጂ የታብሌት ብዕር አልነበረም። ስለዚህ ጥናቱን ለብዕሩ ማሻሻጫ አድርጎ ማቅረብ ያልተባለውን ማስባል ነው።

ብዕሩ ለማስታወሻ ያለው እውነተኛ ጥቅም ሌላ ነው። የኬሚስትሪ ምልክት፣ የጂኦሜትሪ ሥዕልና የአማርኛ ሐተታ በአንድ ገጽ ላይ ያለ ችግር ይሰፍራሉ፤ የተሳሳተው ሳይቦጭቅ ይፋቃል፤ የአራት ዓመት ደብተር ከአንድ መጽሐፍ የማይከብድ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚነገርለት ግን በእጅ የተጻፈውን አንብቦ ወደ ታተመ ፊደል መለወጡና የተፈለገውን ቃል ከብዙ ገጾች መካከል ፈልጎ ማውጣቱ ነው። አፕል ይህን የመለወጥ ሥራ በ2020 «ስክሪብል» በሚል ስም በአይፓድ ላይ ጨምሮታል።

የኢትዮጵያ ተማሪ የሚቀርበትም በዚሁ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ ስክሪብል ከሚያነባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም፤ ትግርኛም የለም። በእንግሊዝኛ የጻፍነውን ቃል ታብሌቱ ፈልጎ ያገኘዋል፤ በአማርኛ የጻፍነው ግን ለእርሱ ሥዕል ነው። አንዱ ተማሪ ከደብተሩ ጋር ረዳት ሲገዛ፣ ሌላው በዚያው ዋጋ ደብተር ብቻ ይገዛል ማለት ነው። ነገሩ በገንዘብ ብቻ የሚቆም አይደለም። ማስታወሻው ፈጥኖ እንዲገኝለት የሚፈልግ ተማሪ ቀስ በቀስ በእንግሊዝኛ ብቻ መጻፍ ይለምዳል፤ በአማርኛ የማሰቡና የመጻፉ ልማድም ማንም ሳይከለክለው በገዛ እጁ ይዳከማል። «ቃል ይረሳል፤ መጽሐፍ ይወረሳል» ይባላል። ፈልጎ የማይገኝ መጽሐፍ ግን ከተረሳ ቃል ምን ያህል ይሻላል?

በእርግጥ ሥራው ቀላል አይደለም። የፊደላችን አናባቢ የሚለየው በትንሽ ምልክት ነው፤ «በ» ወገቡ ላይ ጭረት ቢጨመርለት «ቡ»፣ ጭረቱ ወደ እግሩ ቢወርድ «ቢ»፣ በእግሩ ላይ ቀለበት ቢደረግለት «ቤ» ይሆናል። መስታወት ደግሞ እንደ ወረቀት ጫፉን ስለማይዝ በችኮላ የተጻፈ ቀለበት ሳይገጥም ይቀራል። አስቸጋሪ መሆኑ ግን የማይቻል መሆኑን አያመለክትም፤ ከፊደላችን እጅግ የበዙ ምልክቶች ያሉት ቻይንኛ በዚሁ መሣሪያ ይነበባልና።

ስለ ዋጋና ስለ ዕድሜ ደግሞ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። መጀመሪያ፣ ብዕሩ ከታብሌት ሁሉ ጋር አይሠራም። በ2018 የወጣውን ብዕር በ129 ዶላር የገዛ ሰው በ2024 ወደ ወጡት አይፓድ ፕሮና አይፓድ ኤር ይዞት ሊሻገር አልቻለም፤ አዲሱ ብዕርም በቀድሞዎቹ ታብሌቶች ላይ አይጽፍም። ስለዚህ እውነተኛው ዋጋ የብዕሩና የታብሌቱ ድምር ነው። ሁለተኛ፣ ጫፉ በሌላ የሚተካ ቢሆንም ባትሪው በዘንጉ ውስጥ የታሸገ ስለ ሆነ ተጠቃሚው ሊለውጠው አይችልም፤ ባትሪ ሲያረጅ ብዕሩም አብሮ ያረጃል። በዚህ በኩል ኃይሉን ከገበታው የሚያገኘው የዋኮም ዐይነት ብዕር የተሻለ ነው። መቃ ሲደንዝ በቢላዋ ይቀረጻል፤ ይህ ግን ሲደክም የሚቀረጽ ነገር የለውም።

ፍርዴ እንግዲህ ይህ ነው። ሥዕል ሙያው ለሆነ፣ ቁም ጽሕፈትንም በአዲስ መሣሪያ ለመሞከር ለሚሻ ሰው፣ አፕል ፔንስል ፕሮ ዋጋውን የሚመልስ ጥሩ መሣሪያ ነው። ማስታወሻ ብቻ ለሚይዝ ተማሪ ግን አስፈላጊ አይደለም። ተስማሚ ታብሌት ያለው እንደ ሆነ ባለ 79 ዶላሩ ይበቃዋል፤ ግፊትን ባይለካም ማዘንበልን ይለካል፣ መስመሩም እጅን ይከተላል። ታብሌት የሌለው ደግሞ ደብተሩን ይዞ በመቅረቱ እንደ ኋላ ቀር ራሱን አይቍጠር።

የመጨረሻው ቃሌ ለምህንድስናና ለቋንቋ ጥናት ጓደኞቻችን፣ እንዲሁም ለመምህራኖቻችን ነው። የፊደላችን ምልክቶች ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ አግኝተዋል፤ የቀረው የእጅ ጽሕፈታችን ነው። ማሽን የሰውን እጅ ጽሕፈት ማንበብ የሚማረው ከብዙ ሰዎች ከተሰበሰበ ናሙና ነው። የመሠረተ ትምህርት ጀማሪው፣ የቅኔ ተማሪው፣ የሐኪሙና የጸሐፊው አጣጣል በፈቃዳቸው ተሰብስቦ በሥርዓት ቢቀመጥ፣ ይህ ለአንድ የምርምር ክፍል የሚከብድ ሥራ አይደለም። ውጭ አገር ያለ ኩባንያ ስለ እኛ እስኪያስብ ከመጠበቅ ይህን መጀመር ይቀላል። ያን ጊዜ የብዕሩን ዋጋ እንደ ገና እንመዝነዋለን።